ከግቢ የወጣው ሌክቸር

ከሞንትሪያል የተነሣ አውሮፕላን ኦክቶበር 15 ቀን 1968 ኪንግስተን፣ ጃማይካ ሲያርፍ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ እንዳይወርድ ተከለከለ። ሰውዬው የ26 ዓመት የታሪክ መምህር ነው። መሣሪያ አልያዘም፤ የሚመራው ፓርቲ የለውም፤ ካናዳ የቆየው በጥቁር ጸሐፍት ጉባኤ ሊካፈል ሄዶ ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮይ ማክኒል ግን ለምክር ቤት ሲያስረዱ፣ ለአገሪቱ ጸጥታ ከዚህ ሰው የባሰ ስጋት ገጥሟቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። ሰውዬው ዋልተር ሮድኒ ይባላል። በዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ሞና ግቢ ማስተማር ከጀመረ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛው ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።)

ምን ቢያስተምር ነው? የሮድኒ ትምህርት የአፍሪካ ታሪክ ነው፤ የጥንት መንግሥታት፣ የባሪያ ንግድ፣ ቅኝ አገዛዝ። ይህ ዩኒቨርሲቲው ራሱ የፈቀደው፣ ፈተና የሚወጣለትና ማርክ የሚያዝበት ትምህርት ነው። ግቢ ውስጥ እስከተነገረ ድረስ ማንንም እንቅልፍ አልነሣም። ችግሩ የመጣው ያው ትምህርት አጥር ሲሻገር ነው። ሮድኒ ከክፍል ውጭ ባለው ጊዜ ወደ ኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች እየወረደ፣ የጎርፍ መውረጃ ውስጥ፣ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ፣ ራስ ተፈሪያኖች በሚሰበሰቡበት ሁሉ ቁጭ ብሎ ያንኑ ያስተምር ነበር። ስለ ዘርና ስለ መደብ የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ ንግግሮችን ስንመዝን ርዕሱን እናያለን፣ የተናጋሪውን ዕውቀት እናያለን፤ ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ ግን እምብዛም አንጠይቅም። ለእኔ የሮድኒ ታሪክ ዋጋው ይህን ጥያቄ መዝለል እንዳይቻል ማድረጉ ላይ ነው።

ሞና የቆመበት መሬት ራሱ ስለ ጉዳዩ ብዙ ይናገራል። ቦታው ሞናና ፓፒን የሚባሉ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ነበሩ። ለመጭመቂያው ውኃ ያደርስ የነበረው፣ በባሪያ ጉልበት ዘመን የተገነባው የድንጋይ ቦይ ፍርስራሽ ዛሬም ግቢው ውስጥ ይታያል። ኮሌጁ በ1948 ሲከፈት በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ዲግሪውም የለንደን ነበር፤ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ጃማይካ ነፃ በወጣችበት በ1962 ነው። ተማሪዎቹ በእንግሊዝ ወግ ቀይ ካባ ይለብሱ ነበር። አያቶቻቸው አገዳ በቆረጡበት መሬት ላይ የእንግሊዝ ካባ ለብሶ መማር፣ ለጥቂቶቹ ዕድለኞች ትልቅ ማዕረግ ነበር፤ ከታች በከተማው ቆርቆሮ ቤቶች ለሚኖረው ደግሞ ሌላ አገር ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ከሮድኒ በፊት ወደ ታች አላየም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። በ1960 የራስ ተፈሪያን ማኅበረሰብ አባላት ራሳቸው ስለ እምነታቸውና ስለ ኑሯቸው እንዲጠና ጠየቁ። የኮሌጁ ኃላፊ የነበሩት፣ በኋላ በ1979 በምጣኔ ሀብት ኖቤል የተሸለሙት አርተር ሉዊስ ጥያቄውን ተቀበሉና ሦስት ምሁራንን ላኩ። ኤም ጂ ስሚዝ፣ ሮይ ኦጂየርና ሬክስ ኔትልፎርድ ሁለት ሳምንት ያህል ሰፈር ለሰፈር ዞረው አጭር ዘገባ ጻፉ። ዘገባው ራስ ተፈሪያን ሁሉ ዱርዬና ወንጀለኛ አለመሆኑን ለመካከለኛው መደብ አንባቢ ነገረው፤ ወደ አፍሪካ መልእክተኞች እንዲላኩም መከረ። በ1961 የሄደው ቡድን አዲስ አበባም መጥቶ ንጉሠ ነገሥቱን አግኝቷል። ይህን ሥራ አልንቅም፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ሩቡን እንኳ ሠርተው አያውቁም። ዘገባው የተጻፈው ግን ስለ ድሃው ለመንግሥትና ለጨዋው ሕዝብ ነው። ባለጉዳዩ ተጠየቀ፣ ተመዘገበ፣ ተሰናበተ።

ሮድኒ የመጣበት ቤት ከዚህ ዓይነቱ ሕይወት የራቀ አልነበረም። በ1942 ጋያና፣ ጆርጅታውን ሲወለድ አባቱ ልብስ ሰፊ ነው፤ እናቱም ስፌት ትሠራለች። በነፃ ትምህርት ዕድል ኩዊንስ ኮሌጅ ገባ፣ ከዚያ ሞና፣ ከዚያ ለንደን። በ1966 ገና በ24 ዓመቱ ስለ ላይኛው ጊኒ ጠረፍ ታሪክ ጽፎ ዶክትሬቱን ተቀበለ። ለንደን ሳለ ሃይድ ፓርክ እየወጣ ለመንገደኛ ይናገር ነበር። ይህን ልምምድ ቀላል አድርጌ አላየውም። በወንበር ላይ በግድ የተቀመጠ ተማሪ መምህሩ ቢሰለቸውም አይነሣም፤ የፓርክ መንገደኛ ግን ያልጣመውን ትቶ ይሄዳል። የሮድኒን ንግግሮች ያነበበ ሰው ከባድ ሐሳብ በአጭር ዓረፍተ ነገር የማስቀመጥ ችሎታውን ያስተውላል፤ እንዲህ ያለው አነጋገር የሚለመደው እንዲህ ያለ አድማጭ ፊት ነው።

በጃማይካ ያገኘው ማኅበረሰብ ስለ ዘር ማውራት የማይወድ ነበር። የአገሪቱ መፈክር ከብዙዎች አንድ ሕዝብ መሆንን ያውጃል፤ መሪዎቹም ለውጭ እንግዳ የዘር ስምምነት የሰፈነባት ደሴት መሆኗን ይናገራሉ። ሮድኒ ይህን ተረት ነው ያለው። ከላይ ጥቂት ነጮች አሉ፤ ከእነሱ ሥር ክልሶቹና የሶርያ፣ የሊባኖስ፣ የቻይና ዝርያ ያላቸው ነጋዴዎች፤ ከሥር ብዙኃኑ ጥቁር። ቦክሳይቱን የሰሜን አሜሪካ ኩባንያዎች ያወጡታል፤ ጥቁሩ ሥራ ፈላጊ ሆኖ በር ላይ ይቆማል። የቆዳ ቀለምና የኪስ መጠን እንዲህ ተሰናስለው ሲሄዱ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማስተማር አይቻልም ባይ ነው ሮድኒ። ሥልጣን ላይ ጥቁር ሰው መቀመጡም መሰላሉን አይለውጠውም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሂዩ ሺረር ራሳቸው ጥቁር ነበሩ። በዚያው በ1968 መንግሥታቸው የማልኮም ኤክስንና የስቶክሊ ካርማይክልን መጻሕፍት አግዷል። ነፃ በወጣች የጥቁሮች አገር የጥቁር መጽሐፍ መታገዱን ሮድኒ ለአድማጮቹ ማብራራት አላስፈለገውም።

አንድ ነጥብ እዚህ ላይ ልያዝ፤ በኋላ ይፈለጋልና። ሮድኒ በካሪቢያን «ጥቁር» ሲል ከሕንድ በኮንትራት የመጡትን ሠራተኞች ልጆችም ይጨምራል። ሸንኮራ እርሻው አንድ ነው፣ ጌታውም አንድ ነው ብሎ ነው። ይህ ለአሜሪካ ጥቁሮች የተሠራውን ቋንቋ ተውሶ እንዳለ ከመድገም የተለየ ነገር ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ፤ ምክንያቱም በእነዚያ የኪንግስተን ሰፈሮች ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የእኛ ንጉሥ ፎቶግራፍ ነበር። ኤፕሪል 21 ቀን 1966፣ ማለትም ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ የጥበቃ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው። ንጉሠ ነገሥቱ ወዲያው መውረድ አልቻሉም፤ ሞርቲመር ፕላኖ የተባለ የራስ ተፈሪያን ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡን ማረጋጋት ነበረበት። በቀጣዩ ወር አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲያቸው ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። ለማኞችና ድሆች ከመንገድ እየተለቀሙ ሾላ በሚባል ሥፍራ መታጎራቸውን ተቃውመው «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ በፊት በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ተብሏል። ከዚያም በፊት በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር ላይ ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን አንብቧል። እንግዲህ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ሰው ስም፣ ኪንግስተን ውስጥ የድሃ ተስፋ ይሰበካል፤ ስድስት ኪሎ ውስጥ የድሃ አቤቱታ ይቀርባል።

ራስ ተፈሪያኖች የሚለምኑትም መሬት ነበር። በ1948 ለጥቁር ሕዝቦች ተብሎ የተሰጠው የሻሸመኔው አምስት ጋሻ ለብዙዎቹ የተስፋ ምድር ሆኖ ይታያቸው ነበር። በዚያው በደቡቡ አገር የሚያርሰው ጭሰኛ ደግሞ ከምርቱ ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ እያስረከበ ይኖር ነበር። ሁለቱ ሊገናኙ ቢችሉ ምን ይባባሉ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ሮድኒ ለእነዚህ ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ ሲናገር ምን አደረገ? በእምነታቸው አላፌዘም፤ እንደ ሕፃንም አላባበላቸውም። በ1969 በታተሙት ንግግሮቹ ውስጥ ኢትዮጵያ ከሌሎቹ የአፍሪካ ሥልጣኔዎች ጋር ተሰልፋ ትገኛለች፤ በትምህርት ቤት አፍሪካ ታሪክ የላትም ተብሎ ላደገ ሰው አክሱምን ማወቅ ራሱን ቀና የማድረግ ጉዳይ እንደሆነ ገብቶታል። ነገር ግን ኩራት መሸጥ ሥራው አልነበረም። በ1972 ባሳተመው ትልቁ መጽሐፉ ላይ ስለ ላሊበላ ሲጽፍ፣ ከአንድ አለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት የኢትዮጵያውያን የእጅ ሙያና የመንግሥታቸው ጉልበት ማስረጃ አድርጎ ያነሣቸዋል፤ ወዲያው አስከትሎም እንዲህ ያለው ሥራ በቤተሰብ ደቦ እንደማይሠራ፣ ጉልበቱ የሚበዘበዝ መደብ መኖሩን እንደሚያሳይ ይናገራል። ላሊበላን ለማድነቅ የሚጻፈውን ሁሉ ብዙ አንብበናል። ጠራቢው ማን ነበር፣ ምን በልቶ ዋለ የሚለውን የሚጠይቅ ግን ከውጭ፣ ያውም ከጋያና፣ እስኪመጣ መጠበቃችን ትንሽ ያሳፍራል። መልሱ ላይ መከራከር ይቻላል፤ አማኙ ሰው ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ጉልበት ሁሉ በግድ የወጣ ነው ብዬ አላምንም። ጥያቄው ግን የሚገባ ነው፤ ከዘር ኩራት ወደ መደብ ጥያቄ አንድ አንቀጽ ሳይሞላ መሸጋገሩም የሮድኒ ልዩ ችሎታ ነው።

ወደ ኪንግስተን እንመለስ። እገዳው በተሰማ ማግሥት፣ ኦክቶበር 16፣ ተማሪዎቹ ቀይ ካባቸውን ለብሰው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ጉዞ ጀመሩ። ፖሊስ በአስለቃሽ ጭስ መንገድ ዘጋ። መሀል ከተማ ሲደርሱ ሰልፉ የተማሪ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ሥራ አጥ ወጣቶች ተቀላቀሉ፤ አውቶብሶች ተቃጠሉ፤ ሱቆች ተሰበሩ፤ የሞቱም አሉ። ከዚያ ወታደርና ፖሊስ ግቢውን ከቦ ለቀናት ያዘው። መንግሥት ጣቱን በውጭ ዜጋ ተማሪዎችና መምህራን ላይ ቀሰረ። እዚህም መደቡ ሥራውን እንደሠራ ልብ ይሏል፤ ተማሪው ካባውን ይዞ ወደ ግቢው ተመለሰ፣ ጎዳና ላይ የቀረው ከፈለበት። ሮድኒ ራሱ በዚያ ሁሉ መካከል የለም፤ በመጣበት አውሮፕላን ወደ ካናዳ ተመልሷል።

መታገዱ ንግግሮቹን አበዛቸው። ለንደን የሚኖሩ የጋያና ተወላጆች፣ ጄሲካና ኤሪክ ሀንትሊ፣ ንግግሮቹን በመጽሐፍ ለማውጣት ሲሉ ቦግል ሉቨርቸር የተባለውን አሳታሚ ድርጅት አቋቋሙ፤ ለስሙም የጃማይካውን አመፀኛ ፖል ቦግልንና የሃይቲውን ቱሴን ሉቨርቸርን አጣመሩ። በአንድ ጎርፍ መውረጃ ውስጥ ለጥቂት ሰዎች የተነገረው ንግግር በዚህ መንገድ የለንደን ስደተኞች እጅ ገባ።

ስለ ዳሬሰላም ዓመታቱ ባጭሩ ላልፍ ነው። ከ1969 እስከ 1974 እዚያ አስተምሯል፤ አውሮፓ አፍሪካን እንዴት ወደ ኋላ እንዳስቀረቻት የሚተርከው የ1972ቱ መጽሐፍም የተጻፈው እዚያ ነው። ብዙ ነገሩን ወደ ውጭ ኃይል አስጠግቷል የሚለው ትችት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይከተለዋል፤ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ለእኛ ርዕስ የሚጠቅመው ሌላ ነው። የኔሬሬ ታንዛኒያ ሶሻሊዝምን አውጃለች፤ መምህሩም ሶሻሊስት ነው፤ ሆኖም በ1969 መጨረሻ በአንድ ጉባኤ ላይ የአፍሪካን ነፃ መንግሥታት ሲነካካ የገዢው ፓርቲ ጋዜጣ ባዶ የአብዮት ወሬ ነው ብሎ ወረፈው። በቀጣዩ ዓመት፣ በአንድ ወቅት ዮዌሪ ሙሴቬኒ ይመሩት የነበረው አብዮታዊ የተማሪዎች ማኅበር ታገደ። ስለ እኩልነት የሚሰብክ መንግሥትም ሰባኪው እሱ ብቻ እንዲሆን ይፈልጋል።

በእኔ ግምት የሮድኒ ትልቁ ሥራ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው፤ የሚታወቀው ግን እምብዛም ነው። በ1974 ወደ ጋያና ተመለሰ። የጋያና ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለታሪክ ፕሮፌሰርነት መርጠውት ነበር፤ የፎርብስ በርንሃም መንግሥት የተቆጣጠረው የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ግን ሹመቱን ከለከለ። ሮድኒ በ1978 ሀምቡርግ ሄዶ በጀርመን ተማሪዎች ፊት ተከታታይ ንግግር መስጠት ይችል ነበር፤ የገዛ አገሩ ዩኒቨርሲቲ ግን በሩን ዘግቶበታል። ስለዚህ ቤት ሥር አስተማረ። ቤት ሥር ስል እንዲሁ ለነገር ማሳመሪያ አይደለም። የጋያና የባሕር ዳርቻ መሬት ማዕበል ሲሞላ ከባሕሩ በታች ስለሚሆን ቤቶቹ በረጃጅም ምሰሶ ላይ ይቆማሉ፤ ከሥር ያለው ክፍት ቦታ ልብስ ይሰጣበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ጎረቤት ይሰበሰብበታል። አንድ ቀን ለሊንደን የቦክሳይት ሠራተኞች፣ ሌላ ቀን ለሸንኮራ እርሻ ሠራተኞች ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ በአብዛኛው የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ናቸው፤ ሁለተኞቹ የሕንድ።

እነዚህ ሁለቱ ለምን ተራራቁ? ሮድኒ ከሞቱ በኋላ በ1981 በታተመው የጋያና ሠራተኞች ታሪክ መጽሐፉ መልሱን የሚጀምረው ከጭቃ ነው። ባሕሩን ገድቦ እርሻ ለማድረግ ባሮች በአካፋ የዛቁት ውኃ ያዘለ ሸክላ አፈር ቢያንስ 100 ሚሊዮን ቶን እንደሚሆን ይጠቅሳል። አገሪቱ ቃል በቃል በእጅ የተሠራች ናት። ባርነት በ1838 ሲያበቃ ነፃ የወጡት ሰዎች ከእርሻው ሸሹ፤ ሰማንያ ሦስት ሆነው ያጠራቀሙትን ሳንቲም አዋጥተው በ1839 የተተወ እርሻ የገዙና ቪክቶሪያ የተባለውን መንደር የመሠረቱ አሉ። ባለ እርሻዎቹ ጉልበት እንዳይወደድባቸው ከሕንድ በኮንትራት ሠራተኛ ማስመጣት ጀመሩ፤ እስከ 1917 ድረስ ወደ 240 ሺህ ሰው መጣ። የማምጫው ወጪ ከፊሉ የተሸፈነው ከሕዝብ ግብር ነው፤ ማለትም ነፃ የወጣው ጥቁር በሚከፍለው ቀረጥ የራሱን ደመወዝ የሚያወርድበት ሰው ይመጣበታል። የመጣው ሕንዳዊ ደግሞ በውል ታስሮ፣ ያለ ፈቃድ ከእርሻው ቢወጣ ወኅኒ የሚወርድ ምስኪን ነው። አንዱ ሌላውን እንደ ጠላት ቢያይ ምን ይገርማል?

የመጽሐፉ ጥሩ ክፍል ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ጥቁሩ ሰነፍ ነው፣ ሕንዱ ስስታምና ተገዢ ነው የሚሉት ስድቦች የት እንደተወለዱ ሮድኒ እየተከተለ ያሳያል። ሁለቱም የባለ እርሻው ቃላት ናቸው፤ ጥቁሩ በዝቅተኛ ደመወዝ አልሠራም ሲል ሰነፍ ተባለ፤ ሕንዳዊው ውሉን ጨርሶ ለመውጣት ሲቆጥብ ስስታም ተባለ። ተገዢ የተባሉት የኮንትራት ሠራተኞች በተደጋጋሚ ሥራ ሲያቆሙ፣ ሲታሰሩ፣ ሲተኮስባቸው መዝገቡ ይመሰክራል። የልጅ ልጆቻቸው ግን ጌታው ጥሎት የሄደውን ስድብ አንሥተው እርስ በርስ ይወራወሩበታል። ፖለቲከኞችም አልቦዘኑም፤ በ1953 ሕንዳዊው ቼዲ ጃጋንና ጥቁሩ በርንሃም በአንድ ፓርቲ ምርጫ አሸንፈው 133 ቀን ገዙ፣ እንግሊዝ ሕገ መንግሥቱን አገደች፣ በ1955 ፓርቲው ተሰነጠቀ፣ ከ1962 እስከ 1964 ጎረቤት ጎረቤቱን አቃጠለ።

ይህን ታሪክ ለጥቁር ሠራተኛ ብቻ መንገር ወይም ለሕንዳዊው ብቻ መንገር ቀላል ነው፤ ሁለቱም ተበዳይነታቸውን ሰምተው ያጨበጭባሉ። ሮድኒ ያደረገው ለጥቁሩ ስለ ሕንዳዊው እስራት፣ ለሕንዳዊው ስለ ጥቁሩ ጭቃ መንገር ነው። ይህ የሚያስጨበጭብ አይደለም። ሆኖም ሕዝቡ መጣ፤ በተለይ በ1979 ስብሰባዎቹ የሁለቱንም ወገን ሰዎች ይሰበስቡ ጀመር። የጥቁሩን ድምፅ እንደ ርስት ለያዘው ለበርንሃም መንግሥት ከዚህ የከፋ ነገር አልነበረም። ፖሊስና የመንግሥት ደጋፊ ዱላ ያዦች ስብሰባዎቹን ይበትኑ ነበር፤ ሮድኒና ጓደኞቹ የመንግሥት ሕንፃ አቃጥለዋል ተብለው ተከሰሱ። ጁን 13 ቀን 1980 ምሽት ጆርጅታውን ውስጥ መኪና ላይ ሳለ፣ ግሪጎሪ ስሚዝ የተባለ የመከላከያ ሠራዊት ባልደረባ በሰጠው የመገናኛ ሬድዮ ውስጥ የተደበቀ ቦምብ ፈንድቶ ገደለው። 38 ዓመቱ ነበር። በ2016 ሪፖርቱን ያቀረበው መርማሪ ኮሚሽን በርንሃም ስለ ሤራው የማያውቁበት መንገድ አልነበረም ብሎ ደመደመ።

በሞት የምስክር ወረቀቱ ላይ ሥራው «ሥራ አጥ» ተብሎ ተመዘገበ። በ2021 የጋያና መንግሥት አሟሟቱ ግድያ፣ ሥራውም ፕሮፌሰር ተብሎ እንዲታረም ወሰነ። እርማቱ ተገቢ ነው። ግን ሥራ አጥ ባይሆን ኖሮ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው ቀጥሮት ቢሆን፣ ያን ያህል ቤት ሥር ይቀመጥ ነበር ወይ? ደመወዝተኛ ፕሮፌሰር ኮሚቴ አለው፣ የፈተና ወረቀት አለው፣ የዕድገት ማመልከቻ አለው። ቦርዱ ሳያውቀው መልካም አድማጭ ሰጠው ማለት ጭካኔ ይመስላል፤ ቤተሰቡ የከፈለውን ዋጋ ካሰብን ጭካኔም ነው። ሆኖም ነገሩን ከሥራው ነጥሎ ማየት አልቻልኩም።

ዛሬ የሮድኒ ወረቀቶች አትላንታ ውስጥ በዉድረፍ ቤተ መጻሕፍት በክብር ተቀምጠዋል። በስሙ የመታሰቢያ ንግግሮች በአሜሪካም በእንግሊዝም ይሰጣሉ፤ ተናጋሪዎቹ ዕውቅ ምሁራን ናቸው፣ አድማጩም የሠለጠነ ነው፣ ጥያቄና መልሱም ጨዋ ነው። አልቃወምም። እንዲህ ባለው አዳራሽ ተቀምጦ ስለ መደብ ልዩነት መስማት ደስ ይላል፤ ደስ የሚለውም አዳራሹ ውስጥ ካለነው አብዛኞቻችን ምንም የሚቀርብን ነገር ስለሌለ ነው። እኛም ዘንድ ስለ ድህነትና ስለ ብሔር ጥያቄ የሚደረጉት የሆቴል አዳራሽ ዐውደ ጥናቶች ከዚህ አይለዩም፤ አበል የሚከፈልባቸው መሆኑ ብቻ ይጨመር።

ጋያና ግን አሁን ሌላ ዓይነት አድማጭ ያስፈልጋታል። በ2015 ከባሕሯ ሥር ነዳጅ ተገኘ፤ በ2019 መጨረሻ መውጣት ጀመረ። በ2020 የተደረገው ምርጫ ውጤት እስኪታወቅ አምስት ወር ፈጀ፤ ድምፁም እንደ ወትሮው በአብዛኛው በዘር ተከፍሎ የተሰጠ ነበር። በ2025 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ለዜጎች ከክፍያ ነፃ ሆኗል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሮድኒ ስም የሚደረገው ቀጣይ ንግግር የት ይሁን ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ከጆርጅታውን በስተ ምሥራቅ ያሉትን ባክስተንንና አናንዴልን እጠቁም ነበር። ባክስተን ነፃ የወጡ ጥቁሮች በ1840 የገዙት መንደር ነው፤ አጠገቡ ያለው አናንዴል የሕንዳውያን ነው። በ1964 ግርግር ጊዜ ጥቁሮቹ ከአናንዴል ወደ ባክስተን፣ ሕንዳውያኑ ከባክስተን ወደ አናንዴል ሸሽተው ቀርተዋል። በሁለቱም መንደር ምሰሶ ላይ የቆሙ ቤቶች አሉ፤ የነዳጁ ገንዘብ ለማን እየደረሰ እንደሆነ ከሁለቱም ወገን የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም፤ አወያዩም ከዩኒቨርሲቲው ቢመጣ የመንገዱ ርቀት ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።